አምባራይሌ በበጋ የሚያልፍበት

ስታቫንገር፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 12 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ለሩሐማ ሀንጋሳ
ነገሌ ቦረና

የጌታችን ጸጋና ሰላም በአንቺ፣ በእናትሽ በጠጂቱና በቤታችሁ ላይ ይብዛ። እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ነን፤ ስሙ ይባረክ። ዝምታዬ እንደረዘመ አውቃለሁ። አባትሽ ሲያርፍ አልመጣሁም፤ ከዚያም በኋላ አንዲት መስመር አልጻፍኩም። እናትሽ በአፏ አልወቀሰችኝም፤ ግን የአክስቴ ልጅ ናት፣ አብረን ነው ያደግነው፣ ዝም ስትል ምን እንደምትል አውቃለሁ። ይቅር በሉኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሌላ ነገር ነው። ከወጥ ቤታችን መስኮት ጀርባ ጫካ አለ። ከዚያ ጫካ ሮዲር የሚሏቸው፣ ከእኛ አገር ድኩላ ጥቂት የሚያንሱ እንስሳት እየወጡ ጎመናችንን ይበላሉ። መጀመሪያ መጥረጊያ ይዤ አባርራቸው ነበር። እየቆየሁ ግን መጥረጊያውን አስቀምጬ ማየት ጀመርኩ። ለካ ሁልጊዜ የሚመጡት በአንድ መስመር ነው! አምና ጎረቤቴ በዚያ መስመር ላይ አጥር አጠረ። እንስሳቱ የዘመድ ቤት ተዘግቶበት እንደቆመ ሰው ቆመው አጥሩን ሲያዩ በመስኮቴ አየኋቸው። አጥር የሚያጥር ሰው አስቀድሞ መንገዱን ማወቅ እንዳለበት ያን ቀን ገባኝ።

ይህን ለምን እንደምነግርሽ ልንገርሽ። እዚህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼና ከከተማው ኮሌጅ ጥቂት ሰዎች አንቺ የምታስተምሪበትን ትምህርት ቤት ግቢ በሽቦ ሊያሳጥሩ ተነሥተዋል። ችግኙ እንዲጸድቅ፣ ሣሩም ለበጋ ለሰፈሩ ጥጆች እንዲቆይ ነው። እኔም ለዱር እንስሳት መተላለፊያ ይተውላቸው ብዬ አሳሰብኩ፤ በጣም ደስ አላቸው። «የት ላይ?» ሲሉኝ ግን አንቺን አሰብኩ። አንቺ ባዮሎጂ የተማርሽ ነሽ፤ ቤትሽም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ተቀምጠሽ አይተሽ ጻፊልኝ። የምትጽፊው ሁሉ ስምሽ ከስሜ ጎን ሆኖ ይወጣል።

ወንድማችሁ
ኤርሚያስ ኦሲያ


ነገሌ
ኅዳር 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ኤርሚያስ

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን አሉ? በእኛ በኩል ናጋ፣ ሰላም ነው። ሐገያው፣ የመጸው ዝናባችን፣ ዘንድሮ ሳይሰስት ዘንቧል፤ አገራችን ሊበን አረንጓዴ ለብሷል፤ ከብቱም ጠግቧል። እናቴ ደብዳቤዎን ደጋግማ አስነበበችኝ። «ይቅር በሉኝ» ከሚለው ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ በምትሠራበት ክሊኒክ የረሳችው ሥራ ትዝ ይላትና ትነሣለች።

ያዘዙኝን እየሠራሁ ነው። ጠዋት ከትምህርት በፊት፣ ማታም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከመምህራን መጸዳጃ ቤት ጀርባ የተገለበጠ ሳጥን ላይ እቀመጣለሁ። ዘበኛችን አብዱባ በየቀኑ እየመጣ ያሾፍብኛል።

«አካም ቲቸር! ፍየል ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም።»

«እንግዲያው ባል ነው። እሱ በዚህ አያልፍም፤ በመኪና መንገዱ ጠብቂው።»

አብዱባ ዕድሜውን በጭነት መኪና ረዳትነት ያሳለፈ ሰው ነው፤ ከጎማ ዱካ በስተቀር ዱካ አያውቅም። ቢሆንም ሻይ ያመጣልኛል።

በመጀመሪያ ያየሁት እንሹዎችን ነው። ከጥንቸል ብዙም የማይበልጡ ወንድና ሴት፣ ከቤቴ ጀርባ ካሉት ግራሮች ሥር ይኖራሉ። ሁለቱም በጠጣቸውን የሚጥሉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ወንዱ ደግሞ ከዓይኑ ሥር የሚወጣ ጥቁር ነገር በጭራሮ ጫፍ ላይ ይለቀልቃል። ጭራሮዎቹን ተከትዬ ስሄድ ዞሬ ወደ ተነሣሁበት ተመለስኩ። የእነሱ መንገድ የትም አያደርስም፤ የቤታቸው ወሰን ነው። በሽቦም ሥር ሾልከው ያልፋሉ፤ ስለ እነሱ አይጨነቁ።

የሚያስጨንቁት አምባራይሌዎች ናቸው። ጎናቸው ላይ ነጭ መስመር የወረደባቸው፣ ወንዱ ጠምዛዛ ቀንድ ያለው፣ ያዩ እንደሆነ የሚያውቋቸው። እየጨላለመ ሲሄድ ከምዕራብ ጥሻ ይወጣሉ፤ በግቢው ሰሜን በኩል በሁለቱ ኩይሳዎች መካከል ያልፉና አዲስ ቅጠል ወዳለበት ዳገት ይወጣሉ። እርጥብ አፈር ላይ ኮቴያቸውን፣ እሾህ ላይ ደግሞ ጠጉራቸውን አግኝቻለሁ። ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ኩይሳዎቹን፣ ጥሻውን፣ ቤቴንም ጭምር አስቀምጫለሁ። መተላለፊያው በኩይሳዎቹ መካከል ይሁን።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ዲግሪዬን ይዤ ከሐዋሳ ስመለስ «ምነው እዚህ ቀረሽ?» ያላለኝ ሰው የለም። ለምን እንደቀረሁ ራሴም አላውቅም ነበር። አሁን በጠዋት ስነሣ የምነሣበት ነገር አለኝ። ለዚህ አመሰግንዎታለሁ።

አክባሪዎ
ሩሐማ ሀንጋሳ


ስታቫንገር
ጥር 6 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ ሩሐማ

ሰላምሽ ይብዛ። ሥዕልሽ ደርሶን ሁላችንንም አስደንቋል። በጉባኤው ፊት በትልቅ መጋረጃ ላይ ታይቶ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አንዲት አሮጊት «እነዚያን እንስሳት አሁኑኑ ሄጄ ባየኋቸው» ብለው አለቀሱ። የታተመችውን ትንሽ መጽሔት ልኬልሻለሁ፤ ቋንቋዋን ባታነቢም ሥዕሉን ታውቂዋለሽ።

አሁን ደግሞ የኮሌጁ ሰዎች ተጨማሪ ይፈልጋሉ። መንገዱ ምን ያህል ይሰፋል? ዓመቱን ሙሉ ያው ነው ወይስ ይለወጣል? ጽፈሽ ላኪልኝ። የእናትሽ የደም ግፊት እንዴት ነው? እዚህ በረዶው በሩን አልፎ መስኮት ደርሷል፤ ሮዲሮቹ ከሲታ ሆነዋል። ባለቤቴ ሳታየኝ ካሮት እወረውርላቸዋለሁ።

ጋሼሽ
ኤርሚያስ


ነገሌ
መጋቢት 2 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ኤርሚያስ

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን።

መጽሔቷ ደረሰችኝ። እናቴ ክሊኒክ ካሉበት አገር ከኖርዌይ የመጣች አንዲት ነርስ አለች፤ ሥዕሌን ባየች ጊዜ ከሥሩ የተጻፈውን እያነበበች ተረጎመችልን። «ምልከታና ሥዕል፦ ኤርሚያስ ኦሲያ። በአካባቢ ረዳት እገዛ።» ከዚያ ቀና አለችና «ረዳቱ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። «አንዱ ልጅ ይሆናል» አለቻት።

የወለደችኝ እናት ናት እንዲህ ያለችው፤ ያውም እርስዎን ላለማሳፈር። እቤት ስንደርስ «ለጋሽሽ ክፉ ቃል እንዳትጽፊ፤ ዘመድ ነው» አለችኝ። እኔም ክፉ ቃል አልጽፍም። የምጽፈው የሆነውን ነው፦ ሥዕሉ የእኔ ነው። ሳጥኑ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስምሽ ከስሜ ጎን ይወጣል ያሉት አንቱ ነዎት። ጎን ቀርቶ ሥርም የለሁም።

መንገዱ ይለወጥ እንደሆነ ጠይቀውኛል። አዎ፣ ይለወጣል። ጥርና የካቲት ዳገቱ ደርቆ ቅጠሉ ሲረግፍ አምባራይሌዎቹ በኩይሳዎቹ በኩል አያልፉም። ሌላ መንገድ አላቸው፤ በግቢው በኩል ነው፤ የት እንደሆነም በዓይኔ አይቼዋለሁ። መጽሔቷ ታርማ ሩሐማ ሀንጋሳ የሚል ስም የወጣባት ዕለት እጽፍልዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አልጽፍም።

ሽቦው ሳይተከል ጊዜ አለ። መልስዎን እጠብቃለሁ።

ሩሐማ


ስታቫንገር
ሐምሌ 28 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሩሐማ

የሰላም አምላክ ልብሽን ያሳርፍልሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። መልስ መጻፍ ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ቤት ይሞላል።

ልክ ነሽ። ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ ሥዕሉን ሳሳያቸው «እዚያ በነበርክ ጊዜ አንተ ነህ ያየኸው?» አሉኝ። አፌ ውስጥ «አይደለም» የሚለው ቃል ነበረ። ግን ሁሉም ፊታቸው በርቶ ያዩኝ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ፣ ልጄ፣ እንዲህ ያየኝ ሰው አልነበረም፤ ለዓመታት ወለል የምጠርግ፣ የሽማግሌ አልጋ የማነጥፍ ሰው ነኝ። ዝም አልኩ። ዝም ካልኩ በኋላ ደግሞ መናገር የበለጠ ከበደኝ።

መጽሔቷ እንደገና አትታተምም፤ የሚቀጥለው ላይ ስምሽ እንዲገባ እጥራለሁ። ሽቦው ተገዝቷል፤ ከክረምቱ በኋላ ይተከላል። የበጋውን መንገድ እባክሽ ንገሪኝ። ስም ምንድን ነው? እግዚአብሔር የሠራውን ሰው ያውቃል። ትሑታንን ከፍ ያደርጋል ተብሎ ተጽፏል።

የሚወድሽ
ኤርሚያስ


ነገሌ
መስከረም 25 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤርሚያስ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

እግዚአብሔር የሠራውን ሰው የሚያውቅ ከሆነ፣ ጋሼ፣ የእርስዎን ስም ከመጽሔቷ ላይ ማንሣት ምን ያከብዳል? እሱ እርስዎንም ያውቅዎታል። ትሕትና ሲሰበክ ሁልጊዜ ወደ እኛ ወደ ሴቶቹ ወንበር ለምን እንደሚዞር ከልጅነቴ ጀምሮ አይገባኝም።

ስለ ወለሉና ስለ ሽማግሌዎቹ አልጋ የጻፉት ግን አሳዝኖኛል። እዚህ ሁሉም ሰው ቢሮ ውስጥ እንደሚሠሩ ነው የሚያውቀው። ለእናቴ አላነበብኩላትም።

ሽቦው መጥቷል። ቋሚው ባለፈው ሳምንት ተተከለ፤ ሠራተኞቹ የእኔን ሥዕል በእጃቸው ይዘዋል። ከሰሜን በኩል በኩይሳዎቹ መካከል ክፍት ተዉ፤ በሌላው ሁሉ ዘጉት። ርዕሰ መምህራችን አቶ ፍስሐ ጠርተውኝ አጠገባቸው አቆሙኝ።

«ሩሐማ፣ አንቺ በነዚህ እንስሳት ነገር ዓመት ሙሉ ሳጥን ላይ ነው የከረምሽው። በሩ ልክ ነው?»

«ወረቀቱ ላይ እንዳለው ነው» አልኳቸው።

«ሌላ የምትጨምሪው የለም?»

«ወረቀቱን የጻፉትን ሰው ይጠይቁ።»

ወደ ክፍል ገባሁ። ያን ቀን ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ዕፅዋት ሥር አስተማርኩ፤ ከዚያ በላይ ግን ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ይህን የምጽፍልዎት ጊዜው ገና እንዳላለፈ እንዲያውቁ ነው። ስሜ በእርማት ይውጣ፤ በዚያው ዕለት ለአቶ ፍስሐ እነግራቸዋለሁ። ሐገያው ጥሩ ከዘነበ እንስሳቱ እስከ ጥር በሰሜን ያልፋሉ።

ሩሐማ ሀንጋሳ


ስታቫንገር
ታኅሣሥ 11 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለውድ ሩሐማ

እንኳን ለጌታችን የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። የአጥሩ ፎቶግራፍ በጉባኤው ታየ፤ መዝሙርም ተዘመረ። ከፋሲካ በኋላ ከወዳጆቻችን መካከል ጥቂቶቹ አጥሩን ለማየት ወደ እናንተ ይመጣሉ። እንስሳ በክፍቱ ሲያልፍ የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ ብትልኪልኝ ትልቅ ደስታ ነው።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። የአጥሩን ሥራ ከያዘው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋር ለመነጋገር ቀጠሮ ይዤ ነበር፤ በረዶ ሆነና ቀረ። ለጠጂቱ ሹራብ ልኬያለሁ፤ ቀለሙን ካልወደደችው ለአንቺ ይሁን።

ኤርሚያስ


ነገሌ
የካቲት 8 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤርሚያስ

ሰላም ይሁንልዎ። የእኛን ደህንነት አይጠይቁኝ። ሐገያው ጨርሶ አልዘነበም። የአሬሮ ሰዎች የተረፉ ከብቶቻቸውን እየነዱ በዚህ ያልፋሉ፤ በዱብሉቅ በኩልም እንደዚሁ ነው ይላሉ። በሊበን ሣር ያለው በእኛ አጥር ውስጥ ብቻ ነው።

የጠየቁኝን ፎቶግራፍ አልላክሁም። በምትኩ ያየሁትን ልጻፍልዎ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ደወል ሳይደወል፣ የውሾች ጩኸትና የአብዱባን ድምፅ ሰማሁ። ከደቡብ በኩል ነው። እየሮጥኩ ስሄድ የት እንደምደርስ እግሬ ያውቅ ነበር። የበጋው መንገድ ያ ነው፣ ጋሼ። ከጥሻው ወጥተው በደቡብ አጥር በኩል አልፈው ወደ ደረቁ ወንዝ ይወርዳሉ፤ እዚያ በጋም የማይረግፍ ቁጥቋጦ አለ። ይኸው ነገርኩዎት። ስሜን አልፈልግም። ይኸው።

ሴት አምባራይሌ ነበረች፤ ከብዳ ልትወልድ ቀርባለች። ውሾቹ ከኋላ ሲመጡባት ልትዘል ሞክራ የኋላ እግሯ በላይኞቹ ሁለት ሽቦዎች መካከል ተጠምዝዞ ተንጠልጥላለች። አብዱባ ውሾቹን በዱላ እያባረረ «ፒንሳ! ፒንሳ አምጡ!» ይላል። ፒንሳው አቶ ፍስሐ ቢሮ ተቆልፎበታል፤ አቶ ፍስሐ ገና አልመጡም። እኔ ከሥሯ ገብቼ በትከሻዬ አነሣኋት፤ ክብደቷ ከሽቦው እንዲቀል ብዬ። አፍንጫዋ ጆሮዬ ላይ ነበረ። ስትተነፍስ ትኩሳቱ ይሰማኛል። አብዱባ «ቢላ ይምጣ፣ ከስቃዩ ትረፍ» አለ፤ ከመምህራኑ አንዱ «የመንግሥት እንስሳ ነው፣ እንዳትነካ» አለው። እንዲህ እየተከራከሩ እያለ መተንፈሷን አቆመች። ሆዷ ከእሷ በኋላ ጥቂት ተንቀሳቀሰ።

ተማሪዎቹ ከበውን ነበር። ሄራን የምትባል የአሥረኛ ክፍል ልጅ፣ ከክፍሏ ሁሉ ጎበዟ፣ ጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ በሩ እኮ በወዲያ ነው። ለምን በዚህ መጣች?»

«በጋ ነው። በበጋ መንገዳቸው በዚህ ነው።»

«ታዲያ ታውቂ ነበር?»

የለበስኩት ነጭ ጋዋን በደም ተበላሽቷል። ልጆቹ መልሴን ይጠብቃሉ። «አዎ» አልኳት። ሄራን ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም።

በደል ደርሶብኛል፤ ዛሬም ደርሶብኛል እላለሁ። ያንን ለማንም አልተውም። እሷ ግን ስሜን አልወሰደችብኝም፤ መጽሔት አታነብም፤ በእናቷ መንገድ ነው የመጣችው። ከአንቱ ጋር የያዝኩትን ክርክር በእሷ እግር ላይ ነው የጠመጠምኩት። አንቱ ባይዋሹ እኔ ዝም አልልም ነበር። እኔም ዝም ባልል እሷ አትሞትም ነበር። ይህን እያገላበጥኩ እውላለሁ፤ በየትኛውም በኩል ብዘረጋው የእኔ ድርሻ አያንስም።

አቶ ፍስሐን በደቡብ በኩል ይከፈት ብዬ ለመንኳቸው። «የሰጡን ሰዎች ሳይፈቅዱ አንድ ሽቦ አላስቆርጥም» አሉ። «ደግሞ ቢከፈት የመንደሩ ከብት ሁሉ ይገባል፤ ለጥጆቹ ያቆየነው ሣር በሁለት ቀን ያልቃል።» ይህም እውነት ነው። እባክዎን ለኮሚቴው ዛሬውኑ ይንገሩ። ክፍቱ ጎደሎ ነው ይበሉ፤ ያየሁት እኔ አይደለሁም ይበሉ፤ ይቆረጥ ብለው ይጻፉ። ጥሻው ውስጥ ሌሎች አሉ። ማታ ማታ በሽቦው ጥግ ጥግ ሲመላለሱ በመስኮቴ አያቸዋለሁ።

ሩሐማ


ስታቫንገር
የካቲት 29 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለሩሐማ

ሰላም።

ደብዳቤሽን በአውቶቡስ ውስጥ አነበብኩና መውረጃዬን አለፍኩ።

ማታውኑ ለሰብሳቢው ስልክ ደወልኩ። «እንዴት ነህ ኤርሚያስ?» አለኝ። «ደህና ነኝ» አልኩት፤ ስለ በረዶው ተነጋግረን ስልኩን ዘጋን። ይኸው ነው ያደረግሁት። ፈቃዱን እንዲጽፉ ከጠየቅሁ አንተ ያየኸው አይደለም ወይ ይሉኛል። እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጪኝ። ከእንግዶቹ ጋር ልመጣ አስቤያለሁ፤ ፊት ለፊት ስንሆን ምናልባት ይቀለኛል። አሁን በጽሑፍ አልችልም።

ሮዲሮቹን ማየት ትቻለሁ። መጋረጃውን ዘግቼዋለሁ።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ያንን ቃል ከዚህ በፊት አባክኜዋለሁ።

ኤርሚያስ


ነገሌ
መጋቢት 27 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤርሚያስ

ሰላም ለእርስዎና ለባለቤትዎ ይሁን።

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ፤ እኔ ግን አልጠበቅሁትም። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ቀን፣ ሰው ሁሉ ጸሎት ቤት እያለ ከጋራዥ ፒንሳ ተውሼ የደቡቡን አጥር ቆረጥኩት። ሽቦው ሲቆረጥ እንደ ጅራፍ ይጮኻል፤ መዝሙሩ ያቆመ መሰለኝ። እጄን ቀዶታል፤ እናቴ ሰፋችልኝ። ክሩን ከቆረጠች በኋላ «ለዚያች ነርስ ልጄ ናት ብያታለሁ» አለች። «ሥዕሉንም፣ ዝም ማለትሽንም ነግሬያታለሁ። ሁለቱንም የሠራችው ልጄ ናት አልኳት።» ከዚያ እጄን ይዛ ብዙ ተቀመጠች።

ከብቱ እንዳይገባ የሰፈሩን ሰዎች አነጋገርኩ። ጥጆቻቸውን የሚጠብቁት እናቶች ሰደቡኝ። አንዷ፣ ዘቢባ የሚሏት፣ «ለዱር ፍየል ብለሽ የልጆቼን ወተት ትደፊያለሽ?» ብላ ፊቴ ላይ እጇን አወናጨፈች። ልክ ናት። ያለ ሣሩ ጥጃዋ አትተርፍም፤ ያለ ጥጃዋም ወተት የለም። ተከራክረን ተከራክረን የበረት በር እንደሚዘጋው በእሾህ እንዲዘጋ ተስማማን። ቀን ይዘጋል፤ ከብቱ ገብቶ በረት ሲዘጋ አብዱባ እሾሁን ይጎትታል፤ ንጋት ላይ ይመልሰዋል። አንድ ከብት ከገባ እኔው ራሴ ሽቦውን መልሼ እሰፋለሁ ብዬ ምያለሁ።

አቶ ፍስሐ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኛል። ምክንያቱን እኔው አጻፍኳቸው። «ንብረት ቆርጣለች» ብለው ጀምረው ነበር፤ «የበጋውን መንገድ እያወቀች ስትጠየቅ ደብቃለች» የሚለውንም ይጨምሩ አልኳቸው። ብዕራቸውን አንሥተው አዩኝ። «ይህ እኮ ጥፋት ተብሎ በደንቡ ውስጥ የለም» አሉ። «እንዲያም ቢሆን ይጻፉት» አልኳቸው። ጻፉት። ፈረምኩ።

እንግዶቹ ሲመጡ ያደረግሁትን እነግራቸዋለሁ። ያላዩትን አየሁ ማለትዎን ግን አልነግራቸውም። ፈርቼ አይደለም፤ እርስዎንም ለመሸፈን አይደለም። እኔ ከተናገርኩት ለእርስዎ ምንም አይቀርልዎትም። ከእነሱ ጋር ከመጡ ሄራን ወደ ደቡቡ አጥር ትወስድዎታለች፤ እንድትወስድዎ ለምኛታለሁ፤ እሺ ብላለች። የምትጠይቀውን ይመልሱላት። እሷ ፊት ዝም ማለት ከሰብሳቢው ፊት ዝም ማለት የባሰ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ።

እንስሳቱ ያልፉ እንደሆነ ሊጠይቁኝ ይፈልጉ ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ማታ ሳጥኔን ይዤ ወጥቼ ጠበቅሁ። አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ከጥሻው ወጡ። ወንዱ እስከ ክፍቱ መጣ፤ ቋሚውን አሸተተ፤ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ከዚያ ሁሉም ተመለሱ። አብዱባ ከጀርባዬ ሆኖ «ቲቸር» አለኝ፤ እንደ ወትሮው እየሳቀ አልነበረም። «ሳሙና ትሸቻለሽ። እንጨቱም ሽቦውም አንቺን አንቺን ይላል። አንቺ ካለሽ አያልፉም።»

እውነቱን ነው። ቋሚውን ያቀፍኩት፣ ሽቦውን የጎተትኩት፣ ያችን ሴት አምባራይሌ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ቦታው ሁሉ እኔን ይሸታል። የመምህራን ቤቱን ለቅቄ ወደ እናቴ ቤት ገባሁ። ትምህርት ቤት የምሄደው በመኪና መንገዱ በኩል ዞሬ ነው። ጀርባውን ግቢ ካየሁት ቀናት አልፈዋል።

አብዱባ አንዳንድ ጠዋት ሊነግረኝ አፉን ይከፍታል። እንዳይነግረኝ ብዬዋለሁ። ካለፉ እኔ ሳልኖር ይለፉ፤ ካላለፉም ጥፋቱ እኔ ጋር ይኑር። በክፍል ሳለሁ ወደ ጀርባው መስኮት መሄድ ያምረኛል፤ አልሄድም።

አክባሪዎ
ሩሐማ ሀንጋሳ